ሁለት እግር እስከ ስድሳ

በጫማ ሠሪው ቤተሰብ ውስጥ ሁለት እግሩን ይዞ ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው የለም። ችግሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

አባቱ ግራ እግሩን በሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ ቀኙን በሃምሳ ስድስት ዓመቱ አጣ፤ ዓመት ሳይቆይ ሞተ። እናቱ በሃምሳ አምስት ዓመቷ አንድ እግሯ ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ የኖረችው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። የታላቅ እህቱ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ሲሄድ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሁሉንም የበላው አንድ በሽታ ነው፤ ስኳር። እሱም በሽታው እንዳለበት ከተነገረው ዓመት አልፎታል። እህቱ ከሆስፒታል በወጣችበት ወር ሃምሳ ዓመት ሞላው።

ይህን ታሪክ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሱቁን ግድግዳ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። እዚያ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ አንድ ረጅም ዘንግ ተዘርግቷል፤ በዘንጉ ላይ ፎርማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። ፎርማ በሰው እግር ልክ የተጠረበ እንጨት ነው፤ ቆዳ እሱ ላይ ተወጥሮ ነው ጫማ የሚሆነው። የፋብሪካ ጫማ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ በተጠረበ ፎርማ ላይ ይሠራል። ጥሩ ጫማ ሠሪ ግን ለሚወደው ሰው የራሱን ፎርማ ይጠርብለታል። የጣቱን መጣመም፣ የአጥንቱን ማበጥ፣ አንዱ እግር ከሌላው የሚበልጥባትን ቅንጣት ሁሉ እንጨቱ ላይ ያወጣታል። ለዚህ ነው ፎርማ ከፎቶግራፍ የሚበልጠው፤ ሰውየው የት የት እንደሚያመው ሁሉ ያውቃል።

በዚያ ዘንግ ላይ ያሉት የቤተሰቡ ናቸው፦ የአባት፣ የእናት፣ የእህት፣ የራሱ፤ ስምንት እግር። ደግሞ አባትየው የጀመረው አንድ ልማድ አለ። እግሩ የተቆረጠ ሰው ፎርማው አይጣልም፣ እሳትም አይገባም፤ ጣቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይሰቀላል። ከታች ሆኖ ለሚያየው ተረከዙ ብቻ ይታያል።

እህቱ ከሆስፒታል የመጣች ዕለት ጫማ ሠሪው በርጩማ ላይ ወጥቶ የእሷን ቀኝ ፎርማ ይዞ ቆመ።

«ምን ትገተራለህ?» አለችው ከታች፣ ክራንቿን ወንበሩ ላይ አስደግፋ። «አዙረው። እሱም ይረፍ።»

«እትዬ፣ ነገ አዞረዋለሁ።»

«ደግሞ ለእኔም ነገ!»

በሰፈሩ «ጋሽ ነገ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጫማው መቼ ይደርሳል ያለ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። ስንፍና ግን አይደለም። ርጥብ ቆዳ ፎርማ ላይ ተወጥሮ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ቸኩለው ካወረዱት በሳምንቱ ይጠመዘዛል። ደንበኛ ግን አሥር ቀን ሲሉት ይኮበልላል፤ ነገ ሲሉት ይታገሣል።

በመጨረሻ ፎርማውን አዞረው። እህቱ ቀና ብላ ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር ቆጠረች። ከስምንቱ አራቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ሁለቱም ሳይዞሩ የቀሩት የእሱ ብቻ ነበሩ።

«ተራው የማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም» አለች። ክፋት አልነበረባትም። ማስጠንቀቋ ነበር።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄደ። የእግር ክፍሉን የምትመራው ነርስ ቁመቷ አጠር፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ ሴት ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ጋሽ ነገ የጠየቃት እንደ ባለሙያ ነው፦ ይሄ ነገር እግርን የሚገድለው በየት በኩል ገብቶ ነው?

የነገረችው ይህን ነው። ነርቭን እንደ ክር አድርገን እናስበው። በሰውነት ውስጥ ረጅሙ ክር ከወገብ ተነስቶ እግር ጣት ጫፍ ላይ የሚያልቀው ነው። ስኳር የበዛበት ደም ክሩን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ረጅሙ ክር ብዙ የሚበላ ነገር ስላለው ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። በሽታው ከእግር፣ ከእግርም ከጣት የሚጀምረው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ይነዝራል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ በኋላ ዝም ይላል። ክፉው ዝም ሲል ነው። ሕመም የእግር ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ከሞተ ሌባው በቀን በበሩ ይገባል። እትዬ እግሯን ያጣችው በአንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ጫማዋ ውስጥ ወድቃ ቀኑን ሙሉ ረግጣት ስትሄድ ዋለች፤ አልተሰማትም።

«እግርዎ አሁን ደህና ነው» አለችው ሲስተር። «መድኃኒትዎን ይውሰዱ፣ ይራመዱ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳር ይበላል፤ ደምም እስከ ጣት ድረስ ይወርዳል።»

«ምን ያህል ልራመድ?»

«የቻሉትን ያህል።»

«ቁጥር ንገሪኝ እንጂ። እኔ ያለ ልክ አልሠራም።»

ሳቀች። «ማራቶን እንዳይሮጡብኝ እንጂ የፈለጉትን ያህል!»

«እሱ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር። ደግሞ ጭማሪ አለው፤ መቶ ዘጠና አምስት ሜትር።»

ልቡን የወሰደችው ጭማሪዋ ናት። አርባ ሁለት ብሎ ማቆም ሲቻል መቶ ዘጠና አምስት ሜትር አይቀርም ያለ ሰው፣ ያ ሰው ጫማ ሠሪ መሆን ይችል ነበር! ወደ ሱቁ ሲመለስ ነገሩ ተቆርጦ አልቆ ነበር። ስድሳ ዓመት በሚሞላው ዓመት በየዓመቱ በከተማው የሚካሄደውን ማራቶን ይሮጣል። በሁለቱም እግሩ። አሥር ዓመት አለው።

አሥር ዓመት ለምን? ሰው ሁሉ የጠየቀው ይህን ነው፤ መልሱ ደግሞ ከፎርማው የመጣ ነው። ልብ በጥቂት ወራት ይለምዳል፤ ጡንቻ በዓመት ይጠነክራል። ጅማትና አጥንት ግን እንደ ቆዳ ናቸው፤ የራሳቸው ጊዜ አላቸው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲሆን ጊዜው ይረዝማል። በሦስት ወር ተዘጋጅቶ የሮጠ ጎልማሳ በአራተኛው ወር ሲያነክስ ይታያል። ጋሽ ነገ ሰውነቱን ፎርማ ላይ ሰቅሎ ሊጠብቅ ወሰነ።

የመጀመሪያው ቀን ከሱቁ በር እስከ ሦስተኛው የመብራት ምሰሶ ሮጠ፤ እስከ ስድስተኛው በእግሩ ሄደ፤ ተመለሰ። በሳምንት አንድ ምሰሶ ብቻ ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ ቢያምረውም አይጨምርም። በአራት ቀን አንድ ቀን ያርፋል። ያረፈበትን ቀንም እንደ ሥራ ቀን ደብተር ላይ ያሰፍረዋል፦ «አረፍኩ።» ይህች ቃል በደብተሮቹ ውስጥ ከማንኛውም ቃል በላይ ተጽፋለች።

ሰፈሩ አልማረውም። «ጋሽ ነገ! ሌባው በዚያ በኩል ነው የሄደው!» ይሉታል የጎረቤቱ ጋራዥ ሰዎች። እሱም ሳይቆም፣ «ተዉት፣ ጫማው የኔ ስለሆነ የትም አይደርስም» ይላል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር አብሮት መሮጥ ጀመረ። ሾፌሩ በአምስት ዓመት ይበልጠዋል፤ መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር በአፉ ጥሩምባ ይነፋል። አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ላይ እያረፉ፣ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለው።

እትዬ ከውስጥ ሰማች። «እንቁላሉ ስኳር የለበትማ!»

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ፤ ታሪኩ የታጠፈው እዚያ ላይ ነው። እግር መስማት አለመስማቱ የሚለካበት መንገድ እጅግ ቀላልና እጅግ ብልህ ነው። አጭር የናይለን ክር በእንጨት ጫፍ ላይ ይተከላል። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል። ነርሷ ክሩን እግሩ ላይ አሥር ቦታ ታሳርፋለች፦ ሦስት ጣት ላይ፣ ከጣቶቹ ሥር ሦስት ቦታ፣ የእግሩ መሃል ላይ ሁለት ቦታ፣ ተረከዙ ላይ፣ የእግሩ ጀርባ ላይ። ክሩ እስኪጎብጥ ትጫነዋለች። ሲሰማው «አዎ» ይላል። ብልሃቱ ክሩ መጉበጡ ላይ ነው። ማንም ሰው ቢይዘው፣ ኃይለኛም ቢሆን ደካማ፣ ክሩ ከጎበጠ በኋላ ተጨማሪ ጫና አያሳልፍም። ስለዚህ ግፊቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሚዛን ማለት ነው፤ ከክር የተሠራ ሚዛን።

ጋሽ ነገ በመጀመሪያው ፈተና ከአሥር አሥር አገኘ። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሆነ ሲነገረው አልተዋጠለትም። በየቀኑ የሚሮጥ እግር በስድስት ወር አንዴ ይታያል? ክር ደግሞ ለእሱ ብርቅ ነው እንዴ? ሱቁ በጥቅል በጥቅል ሞልቷል። ሶል የሚሰፋበትን የናይለን ክር ቆረጠ፣ በአሮጌ የወስፌ እጀታ ላይ በማስቲሽ ተከለው፣ ለባለቤቱ ሰጣት።

ባለቤቱ በዚያው ሱቅ የጫማዎቹን የላይ ቆዳ በመኪና የምትሰፋ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። እሑድ እሑድ ጠዋት እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እሷ ትጫናለች፤ እሱ «አዎ» ይላል። አሥር ከአሥር። ደብተር ላይ ይጻፋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ቀን ክሩን በጣቷ ዳስሳ፣ «ይሄ ክር አልወፈረም?» አለችው።

«ክር ለኔ ትነግሪኛለሽ?» አላት፤ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

ደግማ አላነሳችውም።

እንዲህ እያለ ዓመታቱ ሄዱ። ደብተሮቹ ሲታዩ አንድም ዝላይ የለባቸውም፤ የሚያስደንቁትም ለዚህ ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሳያርፍ አምስት ኪሎ ሜትር። በሦስተኛው ዘጠኝ። በአራተኛው አሥራ አራት። የደሙ ስኳር ወረደ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀነሰለት። በሃምሳ አምስት ዓመቱ የማራቶኑን ግማሽ ሮጠ፤ በአንጋፋዎች ምድብ ከመጨረሻው ሦስተኛ ወጣ፤ ሾፌሩ ሁለተኛ። መጨረሻ የወጣው ሰው በእድሜ ሰማንያ እንደሚሆን ቆይተው ሰሙ። እትዬ ለአንድ ወር ያህል ሥራ አላጣችም። «የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ቀድመው መጡ! ጀግኖች!»

በእነዚህ ዓመታት ግን አንድ ነገር ቀስ ብሎ ቀረ። የእግር ክፍሉ ቀጠሮ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ረጅሙ ሩጫ አለ። አንዴ ዘለለው፣ ሁለቴ ዘለለው። ሄዶስ ምን ይሰማል? በየሳምንቱ አሥር ከአሥር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲስተር እግሩን አላየችውም።

በሰባተኛው ዓመት ለራሱ አዲስ የሩጫ ጫማ ሠራ። የተገዛው ከጣቱ ሥር እያጠበበው አስቸግሮት ነበር። የሠራው ጫማ በእውነትም ጥሩ ነበር፤ ቀላል፣ ሰፊ፣ ሶሉ እንደ ስፖንጅ የሚመለስ። ቆዳ ፎርማ ላይ ሲወጠር ዙሪያውን በትናንሽ ሚስማሮች ለጊዜው ይያዛል፤ ሲያልቅ ሚስማሮቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ጋሽ ነገ የነቀለውን በቆርቆሮ ክዳን ውስጥ እያኖረ ይቆጥራል። በዚያ ዕለት ግን ቆጠራው አመለጠው፦ በግራው ጫማ ሃያ ሁለት መታ፤ ሃያ አንድ ነቀለ። አንዱ በገበሩ ሥር ተኝቶ ቀረ። ጫማውን ሲጨርስ ውስጡን እንደ ልማዱ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ወስፌ የገፋ አውራ ጣት እንደ ቀንድ የጠጠረ ነው። ምንም አላገኘም።

ቅዳሜ ጠዋት ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ሮጠ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሲቀርበት እየዘፈነ ሱቅ ገባ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

«ያ ምንድነው?» አለች እትዬ። በክራንቿ ወለሉን ጠቆመች።

ከበሩ እስከ ወንበሩ፣ አንድ ንጣፍ እየዘለለ፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ቀይ ምልክት ነበር።

«ቀለም ረግጦ ነው» አለች ባለቤቱ ከመኪናው ሳትነሳ። ከዚያ መኪናው ቆመ። ሱቁ ውስጥ ጥቁርና ቡኒ እንጂ ቀይ ቀለም የለም።

ማሰሪያውን ፈታና ጫማውን ሳበ። ጫማው እምቢ አለ። ደግሞ ሳበው።

«አያምህም?» አለችው ባለቤቱ። አጠገቡ ተንበርክካ ነበር።

«ምኑ?»

እትዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሸሚዙን ቁልፍ ያወጡላት ቀን እሷም ይህንኑ ቃል ነበር ያለችው።

ሚስማሩ ገበሩን ከበሳ በኋላ በእግሩ አውራ ጣትና በሁለተኛዋ ጣት መሃል እስከ አጥንቱ ገብቶ ነበር። ምናልባት ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ፣ ምናልባት ከአሥረኛው። ማን ያውቃል? ዘበኛው አልነበረም።

ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሲስተር ቁስሉን አጠበች፣ አሸገች፣ ከዚያ ክሯን አነሳች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«አዎ» አለ። ቆየ። «አዎ።» እንዲህ እያለ ቀኙ አለቀ፤ ግራው ላይ አራተኛውን «አዎ» ካለ በኋላ በጣም ቆየ። «ቀጥይ እንጂ።»

«ጨርሻለሁ» አለችው። «ግራው አራት። ቀኙ ሰባት።»

«አይሆንም። ባለፈው እሑድ አሥር ነበር።»

«ማን ለካዎት?»

«ባለቤቴ።»

«በምን?»

የወስፌውን እጀታ ከደብተሩ ጋር ይዞት መጥቶ ነበር፤ አውጥቶ ሰጣት። ሲስተር ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ከዚያ ሐሳቧን ለወጠችና ሁለቱንም ለእሱ መለሰችለት። የእሷን ክር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሻሸው። የራሱን አሻሸው። ሚስማር ያመለጠው ጣት ክር ሲዳስስ ግን አይሳሳትም፤ የክር ውፍረት የሚነበበው በማንከባለል ነው፤ እሱንም ሠላሳ አምስት ዓመት ሲያነብበው ኖሯል።

«የኔ አንድ ተኩል ይሆነዋል» አለ ቀስ ብሎ።

አንድ ተኩል ትንሽ ይመስላል። አይደለም፤ እዚህ ላይ ተፈጥሮ የምትቆጥረው እንደ እኛ አይደለም። ርዝመቱ እኩል የሆነ ክር በእጥፍ ቢወፍር፣ ለማጉበጥ የሚጠይቀው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አሥራ ስድስት እጥፍ ነው። አንድ ተኩል ቢወፍር ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በየእሑዱ ታደርግ የነበረው እንደ መንካት ሳይሆን እንደ መውጋት ነበር። በዚያ ግፊት ግማሽ የሞተ እግርም «አዎ» ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያላንዳች መዛነፍ ተለክቶ፣ ያላንዳች መዛነፍ ተጽፎ፣ ሁሉም ውሸት ነበር። ክር የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በዓመት ሁለቴ ጤና ጣቢያ ይሄድ ነበር።

ባለቤቱ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ልትናገረው የምትችለው አንድ ነገር ነበራት። አልተናገረችውም። እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ቁስሉ አልዳነም። በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል አስገቡት፤ በስድስተኛው አውራ ጣቱንና ሁለተኛዋን ጣት ቆረጡ። አራት ወር ተኛ። ሾፌሩ በየቅዳሜው እየመጣ መንገዱን ይነግረዋል፦ የጋራዡ አጥር መፍረሱን፣ የዘጠነኛው ምሰሶ አምፖል መቃጠሉን። ጥሩምባውን ግን አልነፋም።

ባለቤቱ ግን እሱ ቤት ከገባ በኋላ አንድ ቀን ፈነዳች። ፋሻውን እየቀየረችለት ነበር። «በእጄ ነው የወጋሁህ። በየሳምንቱ በእጄ!»

«የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አላት።

«ደግሜ መናገር ነበረብኛ።»

የፋሻውን ጫፍ ከእጇ ተቀብሎ ያዘላት።

ክራንች ይዞ ሱቅ የተመለሰ ዕለት ዘንጉ ሥር ቆመ። እሱም ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ አባቱ የሞተበት ዕድሜ። ግራው ፎርማው ጣቶቹን ወደ ፊት አድርጎ እንደ ተሰቀለ ነው።

«ምን ታደርገዋለህ?» አለችው እትዬ።

«ሕጉ እግር ለተቆረጠ ነው። እኔ የተቆረጥኩት ጣት ነው።»

«ታዲያ በግማሽ ጎኑ አዙረው!»

ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም፤ እሷም ወዲያው ተወችው። «ስማኝ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የኔን ስታዞረው ከታች ሆኜ አይህ ነበር። በቁሜ የምትቀብረኝ ነበር የመሰለኝ። ያንተን ካዞርከው ዘንጉን አስወርጄ አነደዋለሁ፤ በአንድ እግሬም ቢሆን።»

ፎርማውን አወረደው። መቆንጠጫው ላይ አሰረው፣ መጋዝ አነሳ፣ አውራ ጣቱንና ሁለተኛዋን ጣት ከእንጨቱ ላይ ቆረጣቸው። ባለቤቱ ድምፁን ስትሰማ ወጣች። እሱ ቀሪውን በሞረድ አለሰለሰ፤ ጠባሳው የሚያብጥበትን ቦታ በቆዳ ቁራጭ አሳደገ። ለማንም ደንበኛ እንደሚያደርገው አደረገው። የሚያመውን ቦታ ሁሉ እንጨቱ ላይ አወጣው።

በዚያ ፎርማ ላይ የሠራው ጫማ ሚስማር የሚባል አልነካውም፤ ሲወጠር በክር ታስሮ፣ በክር ተሰፍቶ አለቀ። አውራ ጣት በእርምጃ መጨረሻ ላይ ሰውነትን ወደ ፊት የሚገፋ ዋና መሣሪያ ነው፤ እሱ ሲቀር እግር እንደ መቅዘፊያ ይገለበጣል። ስለዚህ ሶሉን ጠንካራና ከፊቱ ወደ ላይ የታጠፈ አደረገው፤ እግሩ ሳይገፋ እንዲንከባለል። ጣቶቹ በነበሩበት ባዶ ቦታ ለስላሳ ስፖንጅ ሞላበት።

ሲስተር ጫማውን አገላብጣ አየችው። ገረማት፤ ግን አልተታለለችም። «መሮጥ የለም። ሁለተኛ እንዳያነሱብኝ።»

«መራመድስ?»

«አምስት ደቂቃ። ከዚያ ጫማው ይወልቅና እግሩ ይታያል። በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ብቻ ይጨምራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ መጥተው ያሳዩኛል።» ሲወጣ ጠራችውና ከመሳቢያዋ አንድ ክር ሰጠችው። «ይሄ የኛ ነው።»

ስለ ማራቶኑ ግን አልነገራትም። የከተማው ማራቶን መንገዱ ለሯጮች የሚዘጋው ውድድሩ በተጀመረ በስምንት ሰዓት ነው። ደብተሩ ላይ አስልቶታል። በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ቁጭ ብሎ ጫማውን ቢያወልቅና እግሩን ቢያይ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ወደ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። በቀሪው ሰባት ሰዓት ከሃያ አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትርና ጭማሪዋን በእግር ለመጨረስ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ያልሞላ ፍጥነት ይበቃል። በወረቀት ላይ ይቻላል። ሦስት ዓመት ቀርቶታል።

ባለፈው እሑድ ዓይኑን ጨፈነ። ባለቤቱ አሁን ክሩን የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። ግራው አራት የነበረው ሦስት ነው፤ አንዱ ነጥብ ከአውራ ጣቱ ጋር ሄዷል። ቀኙ ሰባት ነበር።

«ስድስት» አለች። «ልድገመው?»

«አትድገሚው። ጻፊው።»

በዚህ ሳምንት አሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ከሱቁ በር ይነሳል፤ እትዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሰዓቱን ይዛ ደቂቃውን ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሾፌሩ በርጩማና የእጅ መስተዋት ይዞ ከኋላው ይከተለዋል። ካልሲው ነጭ ነው፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሌላ ቀለም አያደርግም። አምስተኛው ደቂቃ ሲጠራ ሾፌሩ በርጩማውን ያስቀምጣል፤ ጋሽ ነገ ተቀምጦ ጫማውን ያወልቃል፣ ካልሲውን ይገለብጣል፣ መስተዋቱን ከእግሩ በታች ይዞ ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር ያያል። የጋራዡ ሰዎች በዚህ ሰዓት ሥራቸውን ትተው ያዩታል፤ አንዳቸውም አይቀልዱም።

«ነጭ ነው!» ይላል ወደ ሱቁ ዞሮ፣ ባለቤቱ ከመኪናው ሆና እንድትሰማው።

ከዚያ ያስራል፣ ይነሳል፣ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ይሄዳል። ዛሬ አራተኛው ላይ ነው። በዚህ ወር መጨረሻ አምስተኛው ጋ ደርሶ በነጭ ካልሲ ለመመለስ እየሞከረ ነው።